ሊኩዋላን ሳጠና፦ ቅጠሉን በወረቀትና በመቀስ

ሰሞኑን ሊኩዋላ ግራንዲስ የምትባለው ዘንባባዬ አዲስ ቅጠል አወጣች። ጫፉ ሳይደርቅ፣ ሳይቀደድ፣ ክብ ሆኖ ተዘረጋ። ሽንሽኑ እንደ ሽንሽን ቀሚስ እኩል እኩል ነው። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ይህችን ዘንባባ አየኋት፣ ወደድኳት፣ ገዛኋት፤ ከዚያ ስለ ጂነሱ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን ስለሚያቅፈው ወገን፣ ማንበብ ጀመርኩ። ሊኩዋላ ከ150 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድና ከደቡብ ቻይና ተነስቶ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በኒው ጊኒ አልፎ በፓስፊክ ውቅያኖስ እስካለችው ደሴታማ አገር ቫኑዋቱ ይደርሳል። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ የዝናብ ደን ውስጥ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይኖራሉ። ለየት የምትለው በአውስትራሊያ የኩዊንስላንዷ ሊኩዋላ ራምሴይ ናት። ከ10 ሜትር በላይ ትረዝማለች። ካሶዋሪ የሚባለው መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ ፍሬዋን ውጦ ዘሯን ደን ለደን ያዳርስላታል።

እኔን ያደከመኝ ግን ቅጠሉ ነው። መጽሐፍ ላይ «ቅጠሉ እጥፋቱን ተከትሎ ይከፈላል» የሚል አነባለሁ፤ ግን የትኛውን እጥፋት? ላዩን ነው ታችኛውን? ሥዕል ባይ ባይ አልገባ አለኝ። መፍትሔ የሆነኝ ወረቀትና መቀስ ነው። ወረቀቱን ወደ ላይ ወደ ታች እያፈራረቃችሁ እጠፉት። ከላይ ሸንተረር፣ ከታች ሸለቆ ይኖረዋል። ሸንተረሮቹን በሙሉ ብትቆርጡ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ላይ የተከፈተ ይሆናል። የአገራችን ዘንባባ እንዲህ ነው። ለሆሳዕና ቀለበት ስንሠራ የምንይዛትን አንዷን ቅጠል አስታውሱ፤ መሐሏ ጎድጎድ ያለ ነው። ሸለቆዎቹን ብትቆርጡ ደግሞ ቁራጮቹ ወደ ታች ይደፋሉ፤ ይሄ የኮኮናት ነው።

አሁን ወደ ሊኩዋላ። ብዙዎቹ ዝርያዎች እያንዳንዱን እጥፋት አይቆርጡም። ጥቂት እጥፋቶችን አብረው ይተዉና ከዚያ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፋይ ብዙ ሽንሽን ያለው፣ ከሥሩ ጠባብ፣ ጫፉ ሰፊና እንደተከረከመ ድፍን ነው። ግራንዲስ ደግሞ ጭራሽ አትሰነጠቅም፤ ጠርዟ ላይ ትንንሽ ጥርሶች ብቻ አሏት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። የዘንባባ ቅጠል እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ክፍሎቹ ለየብቻ አያድጉም። መጀመሪያ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ታጥፎ ይፈጠራል፤ መለያየቱ በኋላ ይመጣል። የግራንዲስ ቅጠል ይህ መሰንጠቅ የቀረበት ቅጠል ነው። ላባ መሳዩ ዘንባባችንና ይህች ክብ ቅጠል በአንድ ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ መመደባቸው መጀመሪያ ላይ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። መቀሱን ከያዝኩ በኋላ ግን ሁለቱም ከአንድ ዓይነት የታጠፈ ቅጠል እንደሚነሱ በእጄ አየሁት።

ለዚህ ነው ፎቶ አንስተህ ስም የሚነግሩህን አፖች ለዚህ ጂነስ የማልመክረው። ያልተሰነጠቀ ክብ ቅጠል የግራንዲስ ብቻ አይደለም። በቦርኒዮ ደሴት የሳራዋኳ ሊኩዋላ ኦርቢኩላሪስም፣ ሱማዎንጊ የምትባለው የሊኩዋላ ፔልታታ ዓይነትም አላቸው። ዝርያውን ቁርጥ አድርጎ ለመለየት የአበባውን ዘንግ ማየት ግድ ነው፤ ቅርንጫፉን፣ ዘንጉን የሚያቅፈውን ቅጠል መሰል ሽፋን፣ ጸጉሩን። ባለሙያዎቹም በየጊዜው ያስተካክላሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሄንደርሰንና ቤከን የተባሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሊኩዋላ የተወሰኑትን አውጥተው ላኖኒያ የሚባል ጂነስ መሠረቱ። የላኖኒያ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ተክል ላይ ነው የሚበቅለው። ስሙ ተቀየረ ብሎ የሚያማርር ሰው አልወድም፤ ምክንያቱን ማንበብ ራሱ ትምህርት ነው።

ስለ እንክብካቤ ብዙ አልልም። ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፤ ለጥላ ደን ተክል ይሄ ከባድ ነው። ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ትርፉ ድካም ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። አየር የሚያረጥብ ማሽን ግዙ። ቀጥተኛ ፀሐይና ንፋስ አታስነኳት። የቅጠሉ አንገት ጠርዝ ላይ እሾህ አለና ስታጸዱም እጃችሁን ጠብቁ።

እውነቱን ለመናገር አበባው ላይ ገና ጀማሪ ነኝ። የኔዋ አብባ አታውቅም። ፍሎሪዳ ያላችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያበበች ሊኩዋላ ስፒኖሳ ካለች የአበባውን ዘንግ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ከቅርብ አንስታችሁ ላኩልኝ። የሽፋኑ ጠርዝ በደንብ ይታይ።