«እስኪ አንዴ ይሳሉ፣ አባባ»

ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም፣ ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሌሊቱን ስንሯሯጥ አድረን ሊነጋ ሲል፣ ከአይሱዙ ጭነት ላይ የወደቁ የ60 ዓመት ሰው መጡ። ማታውን ወጌሻ ዘንድ ነበሩ። ደረታቸው በነጠላ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ስፈታው ልጃቸው ተቆጣኝ። አልፈረድኩበትም፤ ድሮ ሐኪሞችም እንዲሁ ያስሩ ነበር። ግን የታሰረ ደረት አየር እንደልቡ አያስገባም።

ራጁ ላይ 3 የተሰበሩ ጎድኖች ቆጠርኩ። የደማቸው ኦክስጅን 94 በመቶ። ትራማዶል የተባለ ማስታገሻ አዝዤ፣ «ጎድን በራሱ ይጠግናል» ብዬ ሄድኩ። አብዛኛው እውነትም በራሱ ይጠግናል። ሰውየው ደግሞ ዝም ብለዋል። እኔም ዝምታቸውን ደህና ናቸው ብዬ ተረጎምኩት።

ማታ ሲስተር ጠራችኝ።

«ዶክተር፣ እኚህ ሰውዬ ሲስሉ ሰምተሃል?»

አልሰማሁም። ጠጋ ብዬ «እስኪ አንዴ ይሳሉ፣ አባባ» አልኳቸው። ፊታቸው ተኮማተረ። «እህ» የምትል ድምፅ ብቻ ወጣች። ያኔ ነው ጋቢውን ገልጬ ደረታቸውን ከጎን ያየሁት። አየር ሲስቡ በግራ በኩል መዳፍ የምታህል ቦታ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች፤ ሲያስወጡ ትነፋለች። ስንቴ ለፈተና ያጠናሁት ፍሌይል ቼስት፤ ጎድኖች ሁለት ሁለት ቦታ ተሰብረው ከደረቱ የተላቀቀ ክፍል!

ሲቲ ስካኑ 7 ስብር ጎድኖች አሳየ። 4ቱ ሁለት ሁለት ቦታ ተሰብረዋል።

ሲኒየሬ አልጮኸብኝም። «ከወደቁ ስንት ሰዓት ሆናቸው?» ብቻ አለኝ። ጎድን በኦፕራሲዮን በፕሌት (በቀጭን ብረት) የሚታሰር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል። ሰው መሳል ካቃተው አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል፣ ሳንባ ምች ይከተላል። እኔ አንዱን ቀን በልቼባቸዋለሁ።

በማግስቱ ኦፕራሲዮን ገቡ። ሁሉም ጎድን አይታሰርም፤ ደረቱን ያላላው ክፍል ከጸና ይበቃል። 4ቱን አሰርን። ቀጭኗን ፕሌት በጎድኑ ጉብጠት ልክ ማጉበጥ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ብሎኑ ከረዘመ ሳንባ አለ። በጎድኑ ታችኛ ጠርዝ ደግሞ ነርቭና ደም ሥር ያልፋል። ሲኒየሬ ሲያጠብቅ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስገባ አባባ ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቁጭ ብለዋል። ማንም ሳያዛቸው ሳሉ። ክፍሉን የሚያናውጥ፣ የአባወራ ሳል። ሲስተር መድኃኒት እየቀዳች ቀና ሳትል፣

«አሁንስ ሰማህ?» አለችኝ።