ካርድ ላይ ያለውን አድራሻ አትመኑ

በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ በአዲስ አበባ ስንት ሰው ላይ እንዳለ ለመገመት የምትነሱ ካላችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ስጀምር የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ሀንቲንግተንንና በዘር የሚመጣ አታክሲያን ነው፤ የመጀመሪያው እጅ እግርን ያለ ፈቃድ የሚያወራጭ፣ ሁለተኛው አካሄድን የሚያንገዳግድ በሽታ ነው። ፕሮፖዛል ጻፍኩ፣ ጸደቀ፣ የትብብር ደብዳቤዬ ማህተም ተመታበት። ካርድ ክፍል ገብቶ መዝገብ ማገላበጥም አይከብድም።

ያቃጠለኝ አካፋዩ ነው። ታማሚው ከላይ፣ ሕዝቡ ከታች፤ ስሌቱ ይኸው ነው። ግን የትኛው ሕዝብ? ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ «ካርዱ አዲስ አበባ ካለ በአዲስ አበባ ሕዝብ አካፍዪ» አለኝ። ካርዱ ላይ ልደታ የተባለው ሰውዬ ግን ከጎጃም ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ነው። ልደታ ያረፈበት የእህቱ ልጅ ቤት ነው። አራዳ የተባለችው ደግሞ የእውነት የፒያሳ ልጅ ናት፤ ሰፈሯ ፈርሶ ዛሬ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ትኖራለች።

አንዲት ጥያቄ ቅጹ ላይ ልጨምር ብዬ ለመንኩ፦ «ሕመሙ ሳይጀምርዎ የት ይኖሩ ነበር?» የጸደቀ ቅጽ አይነካም አሉኝ። ከነካሁት ከዜሮ እጀምራለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ፣ ይሄ እኛን አይመለከትም። ከዜሮ ጀመርኩ። ጥያቄዋ ስትገባ የአዲስ አበባ ካልናቸው ብዙዎቹ የክፍለ ሀገር ሰዎች ሆነው ተገኙ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሐኪምና መድኃኒት የሚመደበው እኮ እንዲህ ባለ ቁጥር ነው። የሕዝቡ ቁጥር ራሱም ቢሆን የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ነው።

«የውጭውን ቁጥር ተጠቀሙ» የሚላችሁም አይጠፋም። እምቢ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ሥራ ሀንቲንግተንን በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ከ100,000 ሰው 5.7፣ በእስያ 0.4 ላይ ያስቀምጠዋል። ለ4 ሚሊዮን ሰው አንዱ 228፣ ሌላው 16 ታማሚ ይሰጣችኋል። የቱን ልትወስዱ?

ቤት ለቤት መዞርም ለዚህ አይበቃም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰው ያካተተ ጥናት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። የሚጥል በሽታ ከ100,000 ሰው 520 ላይ አገኙ። የምኮራበት ሥራ ነው። ከ100,000 ሰው አምስቱን ብቻ የሚይዝ በሽታ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ሦስት ሰው ቢገኝበት ነው።

እኔን የጠቀመኝ ከአንድ ታማሚ ተነስቶ ዘር መቁጠር ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ወላጅንና ወንድም እህትን ብቻ ነው። እናንተ አያቶችን ጠይቁ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «በዘራችሁ በሽታ አለ?» አትበሉ፤ ልጃችንን የሚያገባ ይጠፋል ብለው ዝም ይሏችኋል። «ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ እጅ እግሩ አላርፍ ያለው ዘመድ ነበራችሁ?» በሉ። ያኔ ሰፈሩ ሰካራም ሲለው የኖረ አጎት ይነሳል፤ ጠላ በአፉ ዞሮ የማያውቅ። ዘመድ ለማነጋገር የሚያስፈልገውን ፈቃድ ግን ከመጀመሪያው ፕሮፖዛል ውስጥ ክተቱት፤ ኋላ አያስገቡላችሁም።