ጎንበስ አልኩ፣ ድንጋይ አልነበረም

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈሬ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሽሮ ሜዳ አብረን ነው ያደግነው። «ስማ ወንድሜ» ይላል፣ «እናንተ ጋ ውሻ ለሚያንሸራሽር ሰው በሰዓት ይከፈለዋል አሉ። እውነት ነው እንዴ? እኔ እኮ ክረምት ክረምት አያቴ ጋ በግ ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ። ውሻ ያቅተኛል? እስቲ በዚያ በኩል ሞክርልኝ።» ከኋላው የታክሲ ረዳት «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ሆዴ ባባ። መልእክቱን ሦስቴ ሰማሁት። ሁለቱን ለረዳቱ ድምፅ ብዬ ነው።

እስካሁን አልመለስኩለትም። «አዎ፣ ይከፈላል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ግን ቀኝ ባቴ ላይ አራት ጠባሳ አለ። እሱን ሳልነግረው አዎ ማለት ከበደኝ። ለእሱ የምጽፈውን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ደቡብ ለንደን ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ 2023 ኖቬምበር ላይ። ያኔ ዕቃ አደርስ ነበር። በሁለት ፎቆች መሃል ሣር ሜዳ አለ። ካርቶን ታቅፌ ሣሩን እያቋረጥኩ ነው። ከወዲያ ጫፍ አንድ ጠጅ የመሰለ ውሻ ሲሮጥ አየሁ። ማሰሪያ የለውም። መጀመሪያ ኳስ የሚያሳድድ መስሎኝ ነበር። ኳስ የለም። ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

ሰውነቴ ሽሮ ሜዳ የተማረውን አደረገ። ካርቶኑን ጣልኩና ጎንበስ አልኩ። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አገር ቤት ውሻ ሲመጣብህ ጎንበስ ትላለህ። ድንጋይ ባይኖርም ግድ የለም፣ ውሻው ያለ ይመስለዋል። ጅራቱን እግሩ መሃል ከቶ ይፈረጥጣል። በአምስት ዓመታችን የተማርነው ነገር ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

እጄ የጨበጠው እርጥብ ሣር ነበር። ጠጠር እንኳን የለም። ሣሩ ምንጣፍ ነው። ቢኖርስ? ያ ውሻ በዕድሜው ድንጋይ ተወርውሮበት አያውቅም፣ እናቱም አታውቅም። ሰው ጎንበስ ሲል ምን ማለት እንደሆነ በምን ይወቀው? እኔ ጎንበስ ስል ፊቴ ከአፉ እኩል ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን ዞር ብዬ ተነሳሁ፣ ባቴን ያዘኝ። ይዞ ነቀነቀው። መጀመሪያ አያምም፤ የሚሰማው ጭንቅ ብሎ የመያዝ ስሜት ነው። ሕመሙ ሲለቅህ ነው የሚመጣው።

ባለቤቲቱ እየሮጠች መጣች። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት። መጀመሪያ የተንበረከከችው ውሻው አጠገብ ነው። አንገቱን አቀፈችው። «አይዞህ የኔ ቆንጆ፣ ደነገጥክ እንዴ?» አለችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ምን አድርገኸው ነው? እሱ እኮ ሰው ይወዳል። ጎንበስ ስትል የምትመታው መስሎት ነው።»

ካልሲዬ ውስጥ ደሙ ሲሞቀኝ ይሰማኛል። እኔ ምን አልኩ? «ይቅርታ» አልኩ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ካርቶኑን አንስቼ፣ እያነከስኩ ሄጄ፣ በር ላይ አስቀምጬ፣ የማድረሻውን ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ጥግ ላይ የደም ጠብታ ይታያል። እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ።

ንክሻው ዳነ። ያ «ይቅርታ» ነው እስካሁን ያልተዋጠልኝ። ሌሊት ስንት ጊዜ ቀስቅሶኛል። እዚህ አገር ገብተን የመጀመሪያ የምንለምዳት ቃል እሷ ናት። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲረግጠን ይቅርታ የምንለው እኛ ነን። ደግሞም ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ላይ ሲጮህ ከሩቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ምላሴ ይህን ሁሉ በአንድ ሰከንድ አሰላና ለነከሰኝ ውሻ ጌታ ይቅርታ ጠየቀልኝ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ቁስሉን ረጅም ጊዜ በውሃ አጠበችው። አልሰፋችውም። የጥርስ ቀዳዳ ጥልቅ ስለሆነ ዘግተውት ውስጡ እንዳያመረቅዝ ነው አለችኝ። የቴታነስ መርፌ ወጋችኝ፣ አንቲባዮቲክ ሰጠችኝ። እኔ እጠብቃለሁ። «የእብድ ውሻውስ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። እንግሊዝ ውስጥ ከፈረንጆቹ 1922 ጀምሮ በአገሩ ውሾች ላይ የለም። ከሌሊት ወፍ በቀር በሽታው ከአገሩ ጠፍቷል።

እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ፣ ከሕመሙ አይደለም። ልጅ ሆነን አንድ የጎረቤት ልጅ ተነክሶ ፓስተር እየተመላለሰ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ አስታወስኩ። እናቱ እጁን ይዛ ቁልቁል ስትወስደው ሰፈር ሁሉ ከንፈሩን ይመጥ ነበር። እኛ አገር ውሻ ነከሰህ ማለት የሞት ጉዳይ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት ያጠፉትን በሽታ እኛ እስካሁን ልጅ እየገበርንለት ነው። አትናደዱብኝ፣ ይህንን ስል እየቀናሁ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ፦ ጥፋቱ የዝርያው ነው ወይስ የባለቤቱ? ያኔ ለንደን ውስጥ ወሬው ሁሉ ኤክስ ኤል ቡሊ ስለሚባለው ግዙፍ፣ ጡንቻማ የውሻ ዝርያ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በርሚንግሃም ውስጥ አንዱ የ11 ዓመት ልጅና ሊያድኗት የሞከሩ ሰዎችን ሲያሳድድ ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። በዚያው ሳምንት ስታፎርድሻየር ውስጥ በውሾች ጥቃት ሰው ሞተ። በማግስቱ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ዝርያው ይታገዳል አሉ። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወረቀት ማሳደር ወንጀል ሆነ። ወረቀቱ ያኔ 92 ፓውንድ ከ40 ነበር። ውሻው ይኮላሻል፣ ቺፕ ይቀበርለታል፣ ኢንሹራንስ ይገባለታል፣ ከቤት ሲወጣ አፉ ይሸፈናል፣ ይታሰራል። ከ50 ሺህ በላይ ውሾች ተመዘገቡ።

የሚያውቁኝ ሁሉ «ኤክስ ኤል ቡሊ ነው የነከሰህ?» ይሉኛል። አይደለም። የእኔ ነካሽ ላብራዶር ነው። ዓይነ ስውር የሚመራው፣ ማስታወቂያ ላይ ከሕፃናት ጋር የሚታየው ላብራዶር። የሮያል ሜይል ፖስተኞች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓመት 2 ሺህ ገደማ የውሻ ጥቃት ይደርስባቸዋል። በር ከፍቶ «እሱ እኮ አይነክስም» የሚል ሰው በየመንገዱ አለ።

ዝርያ መከልከል አዲስ ነገርም አይደለም። በፈረንጆቹ 1991 የወጣው ሕግ ፒት ቡልን ጨምሮ አራት ዓይነት ውሾች ከልክሏል። ስሙን ሲዘጉት ሌላ ስም ይዞ መጣ። አርቢዎች አዳቅለው፣ አግዝፈው፣ በውድ ሸጡት። አርኤስፒሲኤን የመሳሰሉ የእንስሳት ድርጅቶች ዓመታትን ያስቆጠረ ሙግት አላቸው፣ «ዝርያውን ትታችሁ ባለቤቱን ያዙ» ይላሉ።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። ግን ጥፋቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚወስነው የውሻው ጉልበት ነው። የእኔን ባት የያዘው 50 ኪሎ የሚመዝን ጡንቻ ቢሆን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ስለዚህ ኤክስ ኤል ቡሊው ላይ አፍ መሸፈኛ በመደረጉ ደስ ብሎኛል። «ዝርያው ታገደ፣ አለቀ» የሚለኝን ሰው ግን ባቴን አሳየዋለሁ።

ፎቃችን ሥር አንዲት አሮጊት አሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ውሻቸው ስታፊ የሚባለው ዝርያ ናት፣ ጭንቅላቷ ድንጋይ የሚያክል፣ ስታያት የምትሸሻት ዓይነት። ሊፍቱ ሲከፈት አሮጊቷ በአንድ ቃል ያስቀምጧታል። ሰው ካልፈቀደ አትነሳም። ከነከሰኝ በኋላ ውሻ ሳይ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሮጊቷ አንድ ቀን ይህን አይተው ሊፍቱን ለቀውልኝ፣ ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁ። ምንም አልተናገሩም። ቀጥሎ ባለው ወር ያቺን ውሻ በእጄ ዳቦ አበላኋት። ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው አይቼ አላውቅም፤ ያለቻቸው እሷው ናት። ውሻ አልጋ ላይ ሲያስተኙ የምንስቅባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። እኔ ከዚያ ወዲህ መሳቅ ትቻለሁ።

የእኛም ነገር አለ። የአንድ የማውቀው ሐበሻ ቤተሰብ ልጅ ግዙፍ ውሻ ገዛ። እናትየዋ «ጸሎት የምናደርስበት ቤት ውስጥ ውሻ አይገባም» አሉ። ውሻው በረንዳ ላይ አደረ። በረንዳ ላይ ክረምቱን ከረመ። በመስታወት ሰው እያየ፣ ማንም ሳይነካው። ያ ውሻ አንድ ቀን ቢነክስ ጥፋተኛው ማን ነው? አገር ቤትስ ምንድን ነው የምናደርገው? ቀን በአጭር ሰንሰለት እናስረዋለን፣ ማታ እንለቀዋለን፣ ኃይለኛ እንዲሆን እናስርበዋለን። በሩ ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ብለን በቀይ ቀለም እንጽፋለን። የጎረቤት ልጅ ሲነከስ ደግሞ «ማን ሂድ አለው?» እንላለን። የእኛም የዚያች የላብራዶሩ ባለቤትም ንግግር አንድ ነው፣ ተነካሹ ላይ ነው የሚጮኸው።

ሕጋችን ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው አምልጦ እንኳን ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ከዚያ በፊት ኦሪት አለች። በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያልጠበቀው ባለቤት እንደሚጠየቅ ዘጸአት 21 ላይ ተጽፏል። «ጌታውን ካልናቁ ውሻውን አይነኩም» የምንል ሰዎች እኮ ነን። ውሻና ጌታው አንድ መሆናቸውን አባቶቻችን ያውቁት ነበር።

እኔ ለፖሊስ ለማመልከት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስሜ ፖሊስ መዝገብ ላይ ከገባ የዜግነት ማመልከቻዬ ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ያዙኝ። ጋሼ እዚህ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «የተበደልክ ነህ እንጂ የበደልክ አይደለህም! ነገ ያው ውሻ ሕፃን ቢይዝ ምን ትላለህ?» በማግስቱ ሄድኩ። ፖሊሱ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። ለካ እዚህ መነከስም አያስፈልግም። ውሻው ይጎዳኛል ብለህ በቂ ምክንያት ኖሮህ ከፈራህ፣ ያ ውሻ ከቁጥጥር ውጭ ነው ይባላል። የራሱ ግቢ ውስጥ ቢሆን እንኳን። ሰው ከሞተ ባለቤቱ እስከ 14 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ስንት ጊዜ ፈርቼ ይቅርታ እያልኩ አልፌያለሁ!

አሁን ወንድሜ፣ ለጥያቄህ። አዎ፣ ይከፈላል። ግን ሕጉ የሚይዘው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ማሰሪያውን የያዘውንም ነው። የሰው ውሻ ይዘህ ወጥተህ ልጅ ቢነክስ፣ ፍርድ ቤት የምትቆመው አንተ ነህ። ኢንሹራንስ ያስፈልግሃል። አምስት ውሻ ይዘህ ሣር ላይ መሄድ በግ መጠበቅ አይደለም። በግ ቢጠፋ ትፈልገዋለህ። ለዚህ ብለህ ባሕርና በረሃ አታቋርጥ። እለምንሃለሁ።

በሌላ መንገድ ከመጣህ ደግሞ ይህን ያዝ። ጎንበስ አትበል፣ አትሩጥም። ጎንህን ሰጥተህ ቁም፣ ዓይኑን አትየው፣ የያዝከውን ቦርሳ በመሃል አድርግ። ከተነከስክ ቁስልህን ፎቶ አንሳና በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂድ። «እሱ አይነክስም» ሲሉህ ማሰሪያውን እንዲይዙልህ በትሕትና ጠይቅ። ይቅርታ አትበል።

የእኔ ጉዳይ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ፖሊስ ሴትየዋን ጠርቶ አነጋገራት። ውሻውን ያለ ማሰሪያና ያለ አፍ መሸፈኛ እንዳታወጣ ፈረመች። እኔን ጠየቁኝ፣ ተስማማሁ። ውሻው እንዲገደል አልፈለግኩም፤ ያስተማረውን ሰው አይቼዋለሁና። ከወር በኋላ ፖስታ መጣልኝ። በእጅ የተጻፈ ነው፣ ግማሽ ገጽ። ስለ ውሻው ጸባይ፣ ስለ መደንገጡ ምንም አላለችም። «መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንተ ስትደማ ያየሁት እሱን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ደብዳቤውን ፓስፖርቴን ከማስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ ከትቼዋለሁ።