የፔጅ መጠን የተወሰነበት ስብሰባ

ሰርቨሮቻችንን ከኢንቴል ፕሮሰሰር ወደ አርም ፕሮሰሰር ስናዛውር ከዚያ በፊት አንስተነው የማናውቀው ጥያቄ መጣ። ኢንቴል ላይ መሠረታዊው የሜሞሪ ፔጅ፣ ማለትም ሜሞሪ የሚከፋፈልበት ትንሹ ቁራሽ፣ 4 ኪሎባይት ነው፤ ምርጫ የለውም። ባለ 64 ቢት አርም ላይ ግን የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ከኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር (ኮምፓይል ሲደረግ) 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ተብሎ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ከርነል ጭኖ ማሽኑን እንደገና ከማስነሳት በቀር መቀየሪያ የለውም።

የቡድናችን መሪ 64 ኪሎባይትን መረጡ። ምክንያታቸው ጠንካራ እንደነበረ ዛሬም አልክድም። ፕሮሰሰሩ የአድራሻ ትርጉሞችን የሚያስቀምጥበት ቲኤልቢ የሚይዘው መዝገብ ውስን ስለሆነ፣ ፔጁ 16 እጥፍ ሲያድግ በዚያው የመዝገብ ብዛት 16 እጥፍ ሜሞሪ ይሸፈናል። ትልልቅ ሠንጠረዦችን ከዳር እስከ ዳር በሚያነበው የሪፖርት ፕሮግራማችን ላይ ሞክረውት ስለነበር፣ ፍጥነቱ መጨመሩን በግራፍ አሳዩን። ሁለት ዓይነት ከርነል ማስተዳደር አድካሚ በመሆኑም ለሁሉም ማሽን አንዱ ይበቃል ብለው ደመደሙ።

በዕድሜም በአገልግሎትም ከሁላችን የምታንሰው ባልደረባችን ያን ጊዜ እጇን አወጣች። ያነሳችው ስለ ሬዲስ ነበር፤ ሬዲስ ዳታውን በሜሞሪ ውስጥ የሚይዝ ዳታቤዝ ሲሆን፣ ስናፕሾት የሚባለውን ቅጂ ወደ ዲስክ የሚጽፈው ፎርክ አድርጎ፣ ማለትም ራሱን የሚመስል ልጅ ፕሮሰስ ፈጥሮ ነው።

«ጋሼ፣ ሬዲስ ያለባቸው ማሽኖችስ እንዴት ይሆናሉ? ስናፕሾት ለማንሳት ፎርክ ሲያደርግ፣ አንዲት ቁልፍ እንኳ ብትለወጥ የሚገለበጠው ፔጁ በሙሉ ነው። ሬድ ሃት ሊኑክስም እኮ በአርም ላይ በስሪት 8 64 ኪሎባይት የነበረውን በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 9 ወደ 4 ቀይሮታል።»

«የኔ ልጅ፣ እኛ የምናወራው ስለ ጊጋባይት ነው፤ ስለ ኪሎባይት አትጨነቂ» አሏት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ አባታዊ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና ከዚያ ንግግር በኋላ ጥያቄውን መልሶ ለማንሳት የደፈረ ሰው አልነበረም። እኔን እስካሁን የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ክርክሩ በማስረጃ ሳይሆን በአክብሮት ተዘጋ።

ጥያቄዋ የሚፈልገው ግን አጭር ስሌት ብቻ ነበር። ከፎርክ በኋላ ወላጁና ልጁ ፕሮሰስ ሜሞሪውን ይጋራሉ፤ ወላጁ በአንድ ፔጅ ላይ መጀመሪያ ሲጽፍ ከርነሉ ያንን ፔጅ ይገለብጥለታል። ልጁ ስናፕሾቱን ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ 100,000 በተለያዩ ፔጆች ላይ የተበተኑ ለውጦች ቢመጡ፣ በ4 ኪሎባይት ፔጅ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሜሞሪ 400 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ በ64 ኪሎባይት ግን ወደ 6.5 ጊጋባይት ይደርሳል። የተለወጠው እሴት መቶ ባይት ብቻ መሆኑ ምንም አይቀንስለትም።

የሆነውም ይኸው ነው። የደንበኞች እንቅስቃሴ በሚበዛበት ሰዓት ስናፕሾቱ ተጀመረ፤ የነፃ ሜሞሪው መስመር በሞኒተሩ ላይ ሽቅብ እንደተወረወረ ድንጋይ ተመልሶ ወደ ታች ወረደ፤ ከዚያም ከርነሉ ሜሞሪ ሲያልቅበት እንደሚያደርገው ትልቁን ፕሮሰስ መርጦ ገደለ፤ የተገደለው ዋናው ሬዲስ ነበር። እንደገና ሲነሳ ያነበበው የቀደመውን ስናፕሾት በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ጠፋ።

በማግስቱ የሬዲስ ማሽኖች ወደ 4 ኪሎባይት ከርነል ተመለሱ። የሪፖርት ማሽኖቹ ግን እስከ ዛሬ በ64 ይሠራሉ፤ እዚያ ላይ የመሪያችን ምርጫ ትክክል ነው፣ ሊቀየርም አይገባም። ልኬታቸው አልተሳሳተም፤ ስህተቱ ከዳር እስከ ዳር በሚያነብ ሥራ ላይ የተገኘውን ውጤት በየቦታው እየዘለለ ለሚጽፍ ሥራ ማዋሉ ላይ ነበር።

ስለ አደጋው የተጻፈው ሪፖርት «ችግሩን አስቀድሞ የገመተ አልነበረም» ይላል። ይህ እውነት ስላልሆነ፣ የባልደረባችን ጥያቄ ከነስሟ በሪፖርቱ እንዲካተት በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። እስካሁን አልተስተካከለም።