ሳይጋገር የደረሰ የገና ብስኩት

ከዐረብ አገር ለተመለሰች ሴት ደብረ ማርቆስ ላይ የሚቀርብላት ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ ምን ይዘሽ መጣሽ? በቀጥታ የሚጠይቅ ግን የለም። ጎረቤት ትመጣለች፣ ስለ ጤና ትጠይቃለች፣ ስለ አገሩ ሙቀት ትጠይቃለች፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኗ ወደ ጆሮዬና ወደ አንገቴ ይሄዳል። ወርቅ ፍለጋ ነው። እኔ ወርቅ የለኝም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሊባኖስ ውስጥ ዶላር ሲጠፋና ሊራው ዋጋ ሲያጣ፣ በየሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ደመወዝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀር ወጪ ሆነ፤ የእኔም የመጨረሻዎቹ ወራት ገንዘብ እዚያው ቀረ። ስለ ወርቅ የምለው ስለሌለኝ ስለ ብስኩት ልጻፍ።

የምሠራበት ቤት ቤይሩት ውስጥ አሽራፊየህ በሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ነበር። ሰፈሩ የክርስቲያን ነው፤ ገና ሲደርስ መንገዱ ሁሉ መብራት ይለብሳል። ቤቱ ውስጥ ሁለት መጋገሪያ እያለ የገናውን ጣፋጭ ግን ሳይጋገር ነበር የምናዘጋጀው። የልጆቹ አያት፣ ቴታ የምንላቸው፣ እጃቸውን ቁርጥማት ይዞት ሊጥ ማሸት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ሁለት ሁለት ብስኩት በለውዝ ቅቤ እናጣብቅና ቸኮሌት ውስጥ ነክረን፣ የተፈጨ ፒስታቺዮ ነስንሰን፣ እብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ እንደረድረዋለን። ልጆቹም ይደሰታሉ፣ ቴታም ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ። ሥራው ቀላል ነው ይባላል። ቀላል የሚሆነው ለሚያዘው ነው፤ ከሠላሳ እንግዳ በላይ ለሚመጣበት ቤት የሚነክረው እጅ የእኔ ነበር።

የእነርሱ ገና እኛ ታኅሣሥ 16 በምንለው ቀን ይውላል። እኔ ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ። ጣቶቼ በወተት ቸኮሌት ተለውሰው እየዋሉ አንዷን እንኳ መላስ የለም። ማዳም ይህ ጾም በፍጹም አይገባትም ነበር፤ ሰርቄ እየበላሁ የምደብቅ ይመስላትና ትሪው ላይ ያለውን ትቆጥራለች። ቴታ ግን ገብቷቸው ነበር። ከየዓመቱ ጥቂቱን በቆርቆሮ ሣጥን ከተው ማቀዝቀዣው ጥግ ያስቀምጡና «ይህ የአንቺ ገና ሲደርስ» ይሉኛል።

አገራችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። በልጅነቴ ከመንደራችን ሜዳ ላይ እረኛው የባለጸጋውን ልጅ በገና ዱላ ቁርጭምጭሚቱን ቢለውም ተስቆ ይታለፍ ነበር። በእኔ ገና ግን ጌታ ተቆጥቷል። ቤተ ክርስቲያን ስሜ ልምጣ ብዬ ብለምን፣ እንግዳ አለብኝ ተብዬ ሳህን ሳጥብ ዋልሁ። የቴታን ሣጥን ከፍቼ ማእድ ቤት ውስጥ ቆሜ የበላሁት ያን ዕለት ነው። ጣፋጩ ድንቅ ነበር፤ ቂሜም አልቀነሰም። ሁለቱም ዛሬ ድረስ አብረውኝ አሉ፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል የሚሉ ሰዎች ሰው ቤት ያልሠሩ ናቸው።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የማእድ ቤቱ መስኮት በሙሉ እብነ በረዱ ላይ ተዘረገፈ። የቤቱ ሰዎች ወደ ተራራው ሸሹ፣ እኔም ከሁለት ወር ያህል በኋላ አገሬ ገባሁ። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል፤ የምጨምርበት የለኝም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ እናቴን፣ «እማዬ፣ ለገና እኔ የምሠራው ነገር አለ» አልኋት።

«በምን ላይ ልትጋግሪው ነው? ምጣዱ እንደሆነ የእንጀራ ነው።»

«አይጋገርም።»

እንደማይጋገር ስትሰማ ፊቷ ፈካ አለ። ከዓመት ዓመት ድፎ ዳቦውን ኮባ አልብሳ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጭስ የምትውጠው እርሷ ናት። ቤይሩት ውስጥ መጋገር መተው የምቾት ጉዳይ ነበር፤ እዚህ መጋገሪያ የለንም፣ ማገዶውም ውድ ነው። ደግሞስ ሳይጋገር የሚበላ ነገር ለእኛ መቼ እንግዳ ሆነ? በሶ በዘይት ወይም በማር አሽቶ ጭብጦ መጨበጥ ጎጃም ውስጥ የመንገደኛና የእረኛ ስንቅ ነው።

ችግሩ ቸኮሌቱ ነበር። በሰፈራችን ሱቆች የሚገኘው ስኳር የበዛበት የልጆች ከረሜላ ዓይነት ነው፤ ሲቀልጥ ይንቦጫረቃል፣ ሲበርድም መልሶ አይጠነክርም። ስለዚህ ቤይሩት አብራኝ የነበረች አሁን አዲስ አበባ የምትኖር እህቴ (የስደት እህት ማለቴ ነው) ወተት የሌለበት፣ 70 በመቶ ካካዎ የሆነ ጥቁር ቸኮሌት ገዝታ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ወተት የሌለበት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ገና ሐሙስ ላይ ነበር፤ ማግስቱ ዓርብ ነው። የተረፈውን ዓርብ ዕለት ልጆቹ እያዩት አትንኩ ከማለት፣ ከመነሻው የጾም አድርጎ መሥራት ይሻላል። ይህን ለእናቴ ባስረዳት፣ «ጾሙ እንዲህ ከጣፈጠ ምኑን ጾም ሆነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መካከሉ ላይ ዓባይ አለ። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ያስደረበ ብርድ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሐሩር ይሆናል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ መውረድ ነውና። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከሰው ገላ ሙቀት ትንሽ ዝቅ ይላል። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የተጫነ ቸኮሌት በረሃው ላይ ይቀልጥና ደጀን ሲወጣ እንደገና ይረጋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ የሻንጣውን ቅርጽ ይዞ፣ ላዩ ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር።

«ይህማ ሻግቷል፤ ለውሻም አትስጪው» አለች እናቴ።

ስለ ውሻው ትክክል ናት፤ ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው። ነጩ ነገር ግን ሻጋታ አልነበረም። ቸኮሌት ያለ ሥርዓት ቀልጦ ሲረጋ በውስጡ ያለው ስብ ወደ ላይ ይወጣና እንደ አመዳይ ይጋገርበታል። መልኩን ያበላሻል እንጂ አይጎዳም፤ በሥርዓት ሲቀልጥ ይጠፋል።

ለውዙ ከመተከል በኩል በቻግኒ አድርጎ የሚመጣው ነው። በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ቆልቼ፣ ገለባውን በሰፌድ አንፍሼ፣ ዘይቱ እስኪወጣ ሙቀጫ ውስጥ ወቀጥሁት። ለአንድ ኩባያ ለውዝ ሁለት ማንኪያ የጎጃም ማር፤ ማሩ ሲገባ ይጠነክራል፣ ከብስኩቱ ጎን አይፈስም። ብስኩቱ ስስና ክብ የሻይ ብስኩት ነው። የወንድሜ ልጅ የወተት ዱቄት ያልገባበትን ለማግኘት ሱቅ ውስጥ የስንቱን ማሸጊያ እንዳነበበ ባለሱቁ ይመስክር።

ማቅለጡ ላይ ሰው የሚስተው ውኃውን ነው። አንዲት ጠብታ ውኃ ወይም እንፋሎት ቸኮሌቱ ውስጥ ከገባ ወዲያው ይቋጠራል፣ እንደ ጭቃ ይሆናል። ድስት ላይ ውኃ አፍልቼ ከእሳት አወረድሁ፤ ከዚያ ቸኮሌቱን የያዘውን ጎድጓዳ ሳህን፣ የሳህኑ ታች ውኃውን ሳይነካ፣ ከላዩ ገጠምሁት። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ስለሚያልፍ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከባሕር ዳርቻዋ ቤይሩት በስምንት ያህል ያንሳል፤ ለቸኮሌት ግን ይህም ይተርፈዋል። ሁለት እጁን አቅልጬ፣ አንድ እጁን ደቅቄ ያስቀረሁትን ጨመርሁበትና እያማሰልሁ እንዲበርድ ጠበቅሁ። ሲነከር እንዲያበራና ሲነከስ ቀጭ እንዲል 31 ወይም 32 ዲግሪ ላይ መድረስ አለበት።

ቴርሞሜትር የለኝም። ቴታም አልነበራቸውም፤ ጠብታ ወስደው ከታችኛው ከንፈራቸው ሥር ያስነኩና ቀዝቀዝ ካላቸው «ደርሷል» ይሉ ነበር። እኔም ጣቴን ነክሬ ወደ ከንፈሬ ላነሣ ስል እናቴ እጄን ያዘችው።

«ከንፈርሽን ከነካማ ገደፍሽ!»

«የጾም እኮ ነው፣ እማዬ።»

«የጾም ይሁን፤ ሰዓቱ ደርሷል? ቅዳሴው ሳይወጣ?»

እርሷ በዚያው ምሽት አሥራ ሁለቱን የዶሮ ብልት እየሠራች ነበር፤ ጨውና በርበሬውን በሽታ ብቻ ነው የምትለካው። ቀምሳ አታውቅም፣ ሳትም አታውቅም። ክርክሩን ለመዝጋት የሕፃን ወተት እንደምንለካው የእጄ አንጓ ላይ ጠብ አደረግሁት። ቀዝቀዝ አለኝ። ደርሷል።

የሚደረደርበት ወረቀት ስላልነበረን ከድፎ ዳቦው የተረፈውን ኮባ አጥበን፣ በደንብ አድርቀን፣ ለስላሳ ፊቱን ወደ ላይ አነጠፍነው። በሹካ እየነከርሁ፣ ሹካውን ከሳህኑ ከንፈር እያንኳኳሁ ትርፉን አራግፌ ኮባው ላይ አስቀመጥሁ፤ በፒስታቺዮ ፋንታ የተቆላ ሰሊጥ። ማቀዝቀዣ አላስፈለገም። በታኅሣሥ ሌሊት ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ትሪውን ጓዳ ደጃፍ ላይ ሳስቀምጠው አፍታም አላቆየው፤ ደረቀ። ጠዋት ከኮባው ላይ ስናላቅቀው የእያንዳንዱ ብስኩት ሆድ የቅጠሉን ደም ሥር አሻራ ይዞ ወጣ፣ መስመር በመስመር። የአሽራፊየህ እብነ በረድ ይህን አያወጣም።

ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፣ ብስኩቱ ከቡናው ጋር ቀረበ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ቅር አላቸው፤ ጥቁር ቸኮሌት መራራ ነው፣ እነርሱ የሚያውቁት ስኳሩን ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም ሳይጋብዛቸው አነሡ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አላምጠው አላምጠው፣ «መድኃኒት ነው እንዴ?» አሉ፤ ከዚያ በቡና እየማጉ ሦስት ጨረሱ። መራራው ከመራራ ጋር ይስማማል። ወንድሜ ዝም ብሎ ኪሱ ከተተ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅነውም።

እናቴ የቀመሰችው ሁሉም ከበላ በኋላ ነው። ግማሹን ነክሳ፣ ውስጡን አየች፣ ገለበጠችው፣ የኮባውን መስመር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ጨው ይጎድለዋል» አለች።

እውነቷን ነበር። ለውዙ ውስጥ ቁንጥር ጨው ስጨምርበት ማሩም ቸኮሌቱም ጎልቶ ወጣ። ማግስቱን ዓርብ ከንስሐ አባታችን ጀምሮ የመጣ ሁሉ ሳይሳቀቅ በላ፤ ቅዳሜ ጠዋት ትሪው ባዶ ነበር። ለጥምቀት ከወዲሁ ያዘዙኝ ሁለት ቤቶች አሉ፣ አንዷ ወተት ያለበትን ነው የምትፈልገው። ለአዲስ አበባዋ እህቴ ደውዬ፣ ቸኮሌቱን በማታ በሚነሣ መኪና እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ፤ ዓባይን በብርዱ ይሻገር።