ለአባባ መጦሪያ ስንመርጥ

አባባን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ደብረ ብርሃን እኔ ቤት ነበሩ። ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ሌሊት ከእሳቸው ጋር አነጋለሁ። የቀጠርናት ልጅ ጎበዝ ናት፤ ግን ግዙፍ ሰው ብቻዋን ማገላበጥ አልቻለችም። ወገባቸው ላይ መቅላት ሲጀምር አዲስ አበባ ያሉትን ወንድሞቼን ጠርቼ «ተከፍሎበት የሚጦሩበት ቤት እንፈልግ» አልኳቸው።

ወሬው ዘመዶቻችን ያሉበት መንዝ ለመድረስ አልዘገየም። «ወልደው ሜዳ ላይ ወደቁ» ያለ ዘመድም አለ። ያማል። ግን ጀርባቸው ሲቆስል የማየው እኔ ነኝ፤ ወሬኛው አይደለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የጠቆመን መቄዶንያን ነው። መቄዶንያ ግን ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን ከጎዳና እያነሳ የሚረዳ በጎ አድራጎት ነው። ልጆቹ ቆመው የሚሄዱለት ሰው ያንን አልጋ መያዝ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ያሉትን የግል ቤቶች ማየት ጀመርን።

የሁሉም ሳሎን ያምራል። እኔ ያየሁት ምግብ ሲበላ ነው። አንዱ ቤት አንዲት እናት በጀርባቸው እንደተኙ ሾርባ ይጎርሳሉ፤ ያስላቸዋል፤ አጉራሿ አሁንም ትጨምራለች። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ስለሚያስቸግረው ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከዚያ የሳንባ ምች ይመጣል። ሌላው ቤት ደግሞ አስታማሚዋ ሽማግሌውን ቀጥ አድርጋ አስቀምጣለች። እሷም ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ጉሮሯቸውን ታያለች። ሲውጡ ነው ቀጣዩን የምታነሳው። በልተው ሲጨርሱም ቶሎ አላስተኛቻቸውም። ልቤ እዚያው ቀረ።

ሌላው ጥያቄዬ ስለ ሌሊት ነበር። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎን መቀየር አለበት፤ አለዚያ ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው ጫፍ ይቆስላል። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስንት አስታማሚ አለ?» እላለሁ። አንዷ ኃላፊ «ምንም አያስቡ፣ እንደ አባታችን ነው የምናያቸው» አለችኝ። ደግ ቃል ነው፣ ግን መልስ አይደለም። የመረጥነው ቤት አልጋው ላይ የተንጠለጠለ ደብተር አሳየን። ሰዓቱ፣ በየትኛው ጎን እንደተኙ፣ የተረኛው ፊርማ። የሌሊቱም ተሞልቷል።

ስለ መንገዱ ከወንድሞቼ ጋር ተከራከርን። እነሱ ለቤታቸው የሚቀርብ፣ መሃል ከተማ ያለ ቤት ፈልገው ነበር። እኔ ለገጣፎ በኩል ይሁን አልኩ። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለገጣፎ በዚያው መንገድ ላይ ከከተማው በፊት ይገኛል። ከመንዝ የሚመጣ ዘመድ ላምበረት መናኸሪያ ሳይደርስ ወርዶ አባባን አይቶ ቢመለስ ይሻላል። ዘመድ ድንገት ብቅ የሚልበት ቤት ሥራውን አያላላም። ደግሞም «ወደቁ» ያለው ሰው ራሱ መጥቶ ይያቸው።

አባባን ራሳቸውንም ጠየቅናቸው። ይህን የሚዘል ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ፤ ሽማግሌው ነገሩን የሚሰሙት መኪና ውስጥ ነው። አባባ ስለ ክፍሉ ምንም አላሉም። «አንቺ ልጅ፣ ዳዊት የሚያነብልኝ አለ? ባናዬንስ ያስገቡልኛል?» አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ባናው ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ ነው፣ ያለ እሱ አይተኙም። ኃላፊዋን ሁለቱንም ጠየቅኳት። ባናውን በራሳቸው ስም ለይተው እንደሚያጥቡ ነገረችን። ዳዊቱን ደግሞ ጎረቤት አልጋ ያሉ ጡረተኛ መምህር ያነቡላቸዋል። የጾሙን ነገር የንስሐ አባታቸው ጨረሱልን። ለታመመ ሰው መድኃኒቱና ምግቡ እንደማይቀር ራሳቸው መጥተው ነገሯቸው። እኛ ብንላቸው አይሰሙም ነበር።

ክፍያው ከባድ ነው። የጤና መድህን ካርዳቸው ሕክምናን እንጂ መጦሪያን አይከፍልም። ስለዚህ ዳይፐር፣ መድኃኒትና ሆስፒታል የማመላለሻ ትራንስፖርት በወርሃዊው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ውሉ ላይ አስጻፍን። መጀመሪያ የተዋዋልነው ለአንድ ወር ብቻ ነው። ወሩ ሲያልቅ ተረከዛቸውንና ጀርባቸውን ገልጠን አየን፤ መቅላቱ ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ነው የዓመቱን የፈረምነው። አሁን ወንድሞቼ በየተራ፣ ሳይደውሉ ይሄዳሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እወርዳለሁ።