ትልልቅ ሰዎች ብሩሽ ሲይዙ
ዛሬ እዚህ ጎንደር የሙአለ ህፃናት መምህር ለመሆን የሚማሩ ትልልቅ ሰዎች ጋር ዋልኩ፣ አሰልጣኞቹ እድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ መምህራን ናቸው፣ እውነቴን ነው ምላችሁ እንዲህ አይነት ስልጠና አይቼ አላውቅም። ፓወርፖይንት የለ ሞጁል የለ፣ ጠዋት መዝሙር ከዛ እንቅስቃሴ ከዛ የውሃ ቀለም። አንዷ ሰልጣኝ፣ የልጆች እናት ናት፣ ብሩሹን ይዛ "እኔ እኮ ስዕል አልችልም" ስትል አንጋፋዋ መምህርት ምንም ሳትላት አጠገቧ ቁጭ ብላ የራሷን ወረቀት አውጥታ መሳል ጀመረች፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም አቀርቅረው እየሳሉ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዋልዶርፍ ይባላል መንገዱ፣ ሩዶልፍ ሽታይነር በ1919 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ ለሲጋራ ፋብሪካ ሰራተኞች ልጆች ብሎ የጀመረው ነው፣ ጭንቅላት ብቻ ሳይሆን ልብና እጅም ይማር ነው ሀሳቡ።

ግን ለጎንደር ሰው ይሄ ባዳ ነው እንዴ? አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዝማሬና ሽብሸባ፣ በቃል ብቻ አይገባም እኮ፣ መቋሚያና ፀናፅል ይዞ በድምፅ በእጅ በእግር ነው ሚለመደው፣ መሪጌታውም ብቻውን አይደለም፣ ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስቀፅላል፣ እየመራ ያስለምደዋል ማለት ነው።

ከሰአት ሰልጣኞቹ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ፣ ተመልሰው ነው የሳሉት፣ በትዝታ። አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም።

መምህራኑ ሰልጣኞቹ ስራ ሲጀምሩም ክፍላቸው ድረስ እየሄዱ ሊያግዟቸው ነው፣ ለኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ ኮሌጅ ላይ የምታስተምሩ ጓደኞቼ እባካችሁ መጥታችሁ እዩት።